«ማን ሠራው» የሚለው ዓምድ

ጓዳን፣ የሰውን ሁሉ ፎልደር የሚይዘውን ሶፍትዌር፣ የምንፈትሸው በራሳችን ፋይል ነው። የቢሮው ደንብ ነው። የሰው ፎልደር ከመንካትህ በፊት የራስህን ከፍተህ ትደረድራለህ፣ ትበትናለህ፣ ስም ትቀይራለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ከዛ እንደነበረ ይመለስ እንደሆነ ታያለህ። ካልተመለሰ ጣጣው የራስህ ነው። እኔ ከጓዳ አራት ጀምሮ የወጣውን በሙሉ ፈትሻለሁ። እንደ ጓዳ ዘጠኝ የጠላሁት ግን የለም።

አይሠራም አላልኩም። ይሠራል። አሪፍ አድርጎ ነው የሚሠራው፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ቀለሙን ብቻ እንውሰድ። ድሮ ቀለም ለራስህ ነበር አሉ፤ ፋይሉን ቀይ ትቀባዋለህ፣ ስትፈልገው ቶሎ ታገኘዋለህ፣ በቃ። አሁን ቀለሙ ካንተ ጋር ከቤት ይወጣል። አከራዬ እትዬ ስንዱ ባለፈው ክረምት ከውሃ ቆጣሪው ሰውዬ ጋር ተሰዳደቡ፣ ሰውዬው እዛው ቆሞ ፎልደራቸው ላይ ቢጫ ለጠፈባቸው። ከዛን ቀን ጀምሮ ዳቦ የሚገዙት ሰው ሁሉ ገዝቶ ሲያበቃ ነው። ማንም አልገፋቸውም። የዳቦ ቤቱ በር ራሱ ነው የማይከፈትላቸው። ጠዋት ጠዋት ደረጃ ላይ ይጠብቁኛል።

«አንተ እዛ አይደል እንዴ የምትሠራው? ይሄን ቢጫ አትፍቅልኝም?»

«አይፋቅም፣ እትዬ። መደበቅ ነው የሚቻለው።»

«እና ደብቀዋ!»

«ከእርስዎ ነው የሚደበቀው። ከበሩ አይደለም።»

ረግመውኝ ይገባሉ። እውነታቸውን ነው።

ቀለሙ ግን ከማቆያው አይብስም። ማቆያን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ስሙን ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይጠራውም። ሰው ሲሞት ለዘመዱ በድንገት አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ባዶ ሆዱን አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት ሄዶ፣ አስቀምጦ ነው መርዶ የሚያረዳው። ይሄ የጥንት ነው፣ ደግም ነው። ጓዳ ይሄን ደግ ነገር ወስዶ አሠራር አበጀለት። መርዶው እስኪነገር ድረስ የሟቹ ፎልደር ማቆያ ይገባል። ላልሰማው ዘመድ ደግሞ ሟቹ እንደነበረ ይቀጥላል፤ ሰላም ይላል፣ መልስ ይሰጣል፣ ድምፁም የራሱ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ለእርጉዝና ለልብ ሕመምተኛ ነበር የተፈቀደው። ከዛ ለተፈታኝ ተማሪ። ከዛ ለሹፌር። ዛሬ ማንም «ይቆይልኝ» ማለት ይችላል፣ ምክንያቱን ይጻፍ እንጂ። ዘጠኝ ሲወጣ ምክንያት መጻፉም ይቀራል። ቀድሞ አፉን የከፈተ ሰው ደግሞ ቅጣቱ ገንዘብ ወይ እስር አይደለም። የራሱ ሰው ሲሞትበት ዓመት ሙሉ አይነገረውም። አለቀ።

እኔ ያለችኝ አንድ እህት ናት። አስካለ ትባላለች፣ እኔ እታበባ ነው የምላት። እናት አባታችን ካረፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቱሉ ዲምቱ፣ ከባሏ ከበልስቲ ጋር የባጃጅ ባትሪ ትጠግናለች። ጠዋት ጠዋት ድምፅ ትልክልኛለች፣ የሷ ሰላምታ ደግሞ ስድብ ነው። «አንተ ሰነፍ፣ ተነሳህ ወይስ አልጋው አገተህ?» ዓይነት። በዛ ሳምንት ግን ጨዋ ሆነችብኝ። ማክሰኞ «እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ መልካም ቀን ይሁንልህ» አለችኝ። ረቡዕም እንደዛ። ሐሙስም። ከበልስቲ ጋር ፍቅራቸው ታድሶ ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

አርብ ሪፖርቱ የሚገባበት ቀን ነበር። ሌላኛው ፈታሽ ሥራ ለቆ ስለሄደ የእኔ ጣት አሻራ ካላረፈበት ጓዳ ዘጠኝ አይወጣም። አለቃዬ ወይዘሮ ሰዋለም ሳምንቱን ሙሉ ሻይ በገዛ እጇ እያመጣች ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥልኝ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ፍሬዘር፣ ጓዳን ከሚጽፉት ልጆች አንዱ፣ ሳያበሽቀኝ የማይውል ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቀን አልለከፈኝም። እኔም ጠርጥሬያለሁ፤ የደረጃ እድገት ሊሰጡኝ ነው ብዬ።

ፎልደሬን ከፍቼ የቀሩትን ነገሮች ጀመርኩ። በቀን መደርደር፤ ይሠራል። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍቶ ከአንዱ ወደ አንዱ መጎተት፤ ይሠራል፣ ትንሽ ይንቀራፈፋል። ፋይሉን ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት፤ ይሠራል። ከዛ ተመሳሳይ ፋይሎችን ለይቶ የሚቀላቅለውን አስነሳሁት። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሁለቴ የተቀመጠ ፎቶ ነው። ይሄኛው ግን የእታበባን ሰላምታዎች ያዘ። የማክሰኞውን፣ የረቡዑን፣ የሐሙሱን፣ የዛሬውን። «እነዚህ አንድ ናቸው። ልቀላቅላቸው?» ይላል።

ሰው በአራት ቀን አንድ ዓይነት ነገር ሊናገር ይችላል። ትንፋሹ ግን አንድ አይሆንም። ሳሉ አንድ አይሆንም።

ዘጠኝ ላይ «ሁሉንም ዓምድ አሳይ» የምትል አዲስ ቁልፍ አለች። ነካኋት። ከስሙ፣ ከቀኑ፣ ከመጠኑ፣ ከቀለሙ ቀጥሎ ዱሮ አይቼው የማላውቀው ዓምድ ወጣ፦ «ማን ሠራው»። እስከ ሰኞ ድረስ ያለው አስካለ፣ አስካለ፣ አስካለ ይላል። ከማክሰኞ ጀምሮ ጓዳ፣ ጓዳ፣ ጓዳ፣ ጓዳ።

የፈታሽ ነገር፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ብዬ ማስመዝገብ ነው። «‹ማን ሠራው› የተሳሳተ ስም ያሳያል፣ ይስተካከል» ብዬ ጽፌ ላክኩ። ከዛ ነው ፍሬዘርን የጠራሁት።

«ና እስቲ ይሄን ጉድህን እይ።»

ወንበሩን እየገፋ መጣ። አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዝጋው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዝጋው ነው የምልህ ይትባረክ። አላየህም። እኔም አላየሁም።»

«ስህተት ነው አይደል?»

«እኔ ምንም አላልኩህም» አለ ጮክ ብሎ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማለት። «ሰዎች፣ እኔ ምንም አላልኩትም፣ እሺ?» ማንም ከስክሪኑ ዓይኑን አላነሳም። ያኔ ገባኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ዝርዝሩን ከፈትኩት። «ሁኔታ፦ ማቆያ። ያልሰማ፦ ይትባረክ። ያስቆየው፦ መሥሪያ ቤት። ምክንያት፦ ግምገማው እስኪያልቅ።» ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ሪፖርቴ ላይ «ዝርዝሩ ለማንበብ ይመቻል» ብዬ ጽፌ ነበር።

ሰዋለም ክፍል ሳላንኳኳ ገባሁ።

«እህቴ ናት?»

ቀና አላለችም። «ሪፖርቱ ላይ ፍለጋውን አልገመገምክም። ባዶ ነው የተውከው።»

«እህቴ ናት ወይ ነው የምልሽ?»

«እህትህ ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት አላናገረችህም?»

«እሱን ጓዳ ነው የሠራው። ዓምዱ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ዓምዱ ተሳስቷል። አንተው ነህ ስህተት ነው ብለህ ያስመዘገብከው። ፍሬዘር እያስተካከለው ነው።»

«ንገሪኝ። በቃ፣ አንዴ ንገሪኝ።»

ያኔ ቀና አለች። የተቀየመች እሷ ነች የምትመስለው። «ቢሮ ውስጥ? ቆመህ? መርዶ ቢሮ ውስጥ ይነገራል እንዴ? የማን ልጅ ነህ አንተ? ነውር የሚባል ነገር አልፈጠረብህም? ፈርምና ቤትህ ግባ፣ እራትህን ብላ፣ ተኛ። ነገ በጠዋት ሽማግሌዎች በወግ በማዕረግ ይመጡልሃል። አሰናድቻለሁ። እኔ አረመኔ አይደለሁም።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ታዲያ ምን የሚነገርህ ነገር አለ?»

ስወጣ ፍሬዘር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ለሐዘን ሳምንት ሙሉ ነው የሚሰጥህ» አለኝ በሹክሹክታ። «ማክሰኞ ብትሰማ ሥራው በሙሉ ይቆም ነበር። ሁላችንም ልጆች አሉን።»

«ያንተ ሰው ሲሞት እኔ ነኝ የማስቆየው» አልኩት።

«አፍህን ጠበቅ አድርግ!»

ባቡር ውስጥ ጠዋት የመጣውን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። የእሷው ድምፅ ነው። የእሷው ጎርናና፣ ከባትሪው ጭስ የመጣ። መልካም ቀን ይሁንልህ ትለኛለች፣ በሕይወቷ ለማንም ብላው የማታውቀውን።

ቱሉ ዲምቱ ስወርድ ለቅሶው ከጣቢያው ይሰማል። የሴቶች ነው፣ የደከመ፣ ለቀናት ሲለቀስ የቆየ። ብሎኩን ስትታጠፍ ድንኳኑ ይታያል። ያኔ እዛ ያለው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፤ ያልሰማ ሰው ሲቀርብ ጓዳ ያስጠነቅቃል፣ ይሄንንም ፈትሼዋለሁ፣ «ፈጣን ነው» ብያለሁ። ለቅሶው ውሃ እንደተዘጋበት ቧንቧ ቀጥ አለ። ፍራሽ ይጠቀለላል፣ ጥቁር ነጠላ ይገለበጣል፣ የሆነ ሰው ካርታ በተነ። ስደርስ ሰዎች ቁጭ ብለው ካርታ ይጫወታሉ፣ አንዷ ሴት ሻይ እየቀዳች ትስቃለች። አፏ ነው የሚስቀው። እንባዋ ሻዩ ውስጥ ይገባል።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «እንዴ ይትባረክ! ምን እግር ጣለህ ልጄ? ደግ ቀን መጣህ፣ ልደት እያከበርን ነው!»

«የማን ልደት?»

«የ… የልጅ ነዋ!» ዞር አሉ። «የማን ልጅ ነበር?»

በልስቲ ከቤት ወጣ። ጥቁር ሸሚዙ ላይ የሠርግ የሚመስል ቀይ ኮት ደርቧል፣ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ጥቁር መነጽር አድርጓል።

«እታበባ የታለች?» አልኩት።

«ባትሪ ልታመጣ ወጣች።»

«የት?»

«ባትሪ ልታመጣ ነው የወጣችው ስልህ! አስካለ ትሙት!»

ሁልጊዜ የሚምልበት መሐላ ነው። ሲጣላም ሲነግድም አስካለ ትሙት ነው የሚለው፣ እሷም ሰምታ «አንተ ቅደም» ትለው ነበር። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ግን መመለሻ አጣ። ከንፈሩ እንደተከፈተ ቀረ። ሻይ የምትቀዳው ሴት ማሰሮውን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

ስልኬ ጮኸ። «ወንድሜ፣ ቤት መጣህ አሉኝ» አለች እታበባ ለሁሉም እየተሰማች። «ባትሪ ላመጣ ወጥቼ ነው። ሻይ ጠጣ፣ ተጫወት።»

«ተዉት» አልኳቸው። «አውቄያለሁ።»

የጋሽ ዘርጋው ፈገግታ ጠፋ። «ምን አወቅክ? ማን ነገረህ?» ሰዉን አንድ በአንድ ዓይናቸውን እያፈጠጡ አዩት። «እዚህ ውስጥ የነገረው አለ?»

«ማንም አልነገረኝም። ዓምዱ ላይ አየሁት።»

«ዓምድ ሰው አያረዳም!» ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ጎተቱኝ። «ስማ፣ ያልሰማ ዘመድ እያለ ድንኳን አይነሳም። ብሎክ አሥራ አራት ያሉት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ድንኳን እየለመኑኝ ነው። እነሱም… እነሱም ልደት አለባቸው። ሰውዬው ሳሎን ተጋድሞ ነው ያለው! እዛ ቢሮህ የምትፈርመው ነገር አለ አሉ። ፈርምና ገላግለን።»

«ምን እንደምፈርም ያውቃሉ?»

«ምን አገባኝ!»

«ዘጠኝ ሲወጣ ያስቆየው ሰው ስሙ አይታይም። ምክንያቱም አይጻፍም። ነገ የእርስዎን ሰው ማን እንዳስቆየብዎት አያውቁትም።»

«ነገ ሌላ ቀን ነው። እኔ ዛሬ ድንኳን ነው የምፈልገው።»

ሰዋለም ደወለች። ሪፖርቱ ስልኬ ላይ ተከፍቶ መጣ፣ ከታች ለአውራ ጣት የተተወች ክብ አለች። «በቃ፣ አስቸጋሪውን ነገር እኔ ጨርሼልሃለሁ» አለችኝ። «አንተ ጣትህን ብቻ።»

ሁሉም ጣቴን ያያሉ። ካርታ የያዙት ካርታቸውን እንደያዙ፣ ሴቶቹ በተገለበጠ ነጠላቸው። በልስቲ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። «ፈርምላቸው» አለኝ። «እባክህ ፈርምላቸው። አብረን እናልቅስ።»

እውነቱን ለመናገር ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ከዛ የሆነ ሰው፣ የማላውቀው፣ ሌላ ከተማ ያለ፣ በየጠዋቱ «መልካም ቀን» የሚባል፣ ዓምዱን ሲፈልግ ታየኝ።

«አላሳልፈውም» አልኳት። «አይወጣም። ሪፖርቱ ላይም እንደዛ ነው የምጽፈው።»

በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «እንግዲያው እህትህ ደህና ናት» አለች። «ሰላም በልልኝ።» ዘጋችው።

ድንኳኑ ፈላብኝ። ጋሽ ዘርጋው ከዘራቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። «አንተ ርጉም! ድንኳኔን! ሰውዬው ሊሸት ነው!» አንድ ጎረምሳ ካርታውን ፊቴ ላይ ወረወረብኝ። ሻይ የምትቀዳው ሴት፣ «ስንት ቀን ነው እንባችንን የምታስውጠን? አንተን ብላ ሰው አጥታ…» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ አፈነች። አጠገቧ ያሉት ጎትተው አስቀመጧት። ማንም አላዘነልኝም። እንዳያዝኑልኝ ነው የተከለከሉት፣ መሳደብ ግን አልተከለከለም።

በልስቲ ቀዩን ኮት አወለቀና መሬት ጣለው። ወደኔ መጣ።

ጋሽ ዘርጋው ቀድመው ገባቸው። «በልስቲ! ተው! እናትህን አስብ!»

የበልስቲ እናት ደብረ ማርቆስ ናቸው፣ ካለፈው በዓል ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

«አስቤያለሁ» አላቸው በልስቲ።

«ዓመት ሙሉ እኮ ነው! ቢሞቱ አታውቅም፣ ቢቀበሩ አትደርስም!»

«አስቤያለሁ አልኩዎ እኮ።» ወደኔ ዞረ። «ቁጭ በል፣ ይትባረክ።»

«ተወው፣ አትንገረኝ» አልኩት። ከልቤ ነው።

«ቁጭ በል።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም ፊት ለፊቴ ተንበረከከና ሁለት እጆቼን ያዘ። መዳፉ ተቃጥሎ ተልጧል፣ ሊያወጣት ሲል መሆን አለበት። «እህትህ አስካለ ሰኞ ከሰዓት ባትሪ ፈንድቶባት ሞተች» አለኝ። «ማክሰኞ ቀበርናት። ወንድሟ በሌለበት አፈር አለበስኳት። እግዜር ያጽናህ።»

ከዛ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ሴቶቹ ሲጮሁ የሸራው ምሰሶ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ነጠላቸውን መልሰው ገለበጡት። ጋሽ ዘርጋው ሳይቀሩ፣ ያን ሁሉ የሰደቡኝ ሰውዬ፣ ከዘራቸውን ጥለው ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ እታበባዬ ስል ነበር አሉ።

ስልኬ ጸጥ አለ። እታበባ ከዛ በኋላ አልደወለችም።

የበልስቲ ስልክ ነው የጮኸው። ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር፣ መሬት ላይ። አወጣው፣ ጆሮው ላይ አላደረገውም፣ ድምፁን ወደ ውጭ ከፈተው። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ። «ልጄ በልስቲ፣ እኔ ደህና ነኝ። ተሽሎኛል። አታስብ።»

ለቅሶው አልቆመም፣ እሱ ግን ቆመ። እናቱ ድምፅ መላክ ይችሉ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ልከው ያውቁ እንደሆነ፣ አላውቅም። አልጠየቅኩትም። ስልኩን ዘረጋልኝ።

«አንተ ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። «እየው እስቲ። እሷ ናት?»

በኔ የፈታሽ ፈቃድ ገባሁና ፋይሉን አገኘሁት። «ሁሉንም ዓምድ አሳይ» የምትለዋን ነካሁ። ስም መጣ። ቀን መጣ። መጠን፣ ቀለም። ሌላ የለም። ጎትቼ አየሁ፣ ዘግቼ ከፈትኩት። ከታች በትንሽ ፊደል «ስህተት ተስተካክሏል፤ አስመዝጋቢ፦ ይትባረክ» ይላል።

በልስቲ ፊቴን እየጠበቀ ነው። ያበጠውን ዓይኑን እንደምንም ከፍቶ።

«እሷ ናት» አልኩት።